ሶፋ አዳሹና አልገዛም ያለች ከተማ

ሶፋ አዳሹ በምሳ ሰዓት ንጉሥ ነው። ስድስት ሰዓት ሲሞላ መዶሻውን ያስቀምጣል፤ ከሱሪው ላይ የስፖንጁን ፍርፋሪ ያራግፋል፤ ከዚያ የሱቁ ጥግ ካለች አቧራ የጠገበች ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብሎ አገር ይወጋል። አትሳቁበት። አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ፀጉሩ ከግንባሩ ተነስቶ ወደ ማጅራቱ ሸሽቷል፣ ከወንበር ሲነሳ ጉልበቱ ይንቋቋል፤ ጦር ሲያዘምት ግን ሃያ ዓመት ይቀንሳል።

ጨዋታውን የጫነለት ጎረቤቱ አናጢው ነው፣ የሶፋውን እንጨት የሚሠራለት። አናጢው ራሱ በሳምንቱ ሰለቸውና ተወው፤ ይሄኛው ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ሙጭጭ አለበት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከጥንት ዘመን፣ ከአንዲት መንደር ትጀምራላችሁ፤ ታርሳላችሁ፣ ትገነባላችሁ፣ ወታደር ታሠለጥናላችሁ፣ ከዚያ የጎረቤትን ከተማ ትይዛላችሁ። መያዙ እንኳ ቀላል ነው። ጉዱ የሚፈላው ከያዛችሁ በኋላ ነው። የተያዘች ከተማ ሁሉ ከሥሯ አንድ ቀይ መስመር አላት፤ ሕዝቡ በከፋው ቁጥር መስመሩ ይረዝማል፤ ጫፍ የደረሰ ዕለት ከተማዋ ታምፃለች፣ ወታደሮቻችሁን አባርራ በሯን ትዘጋለች።

ሶፋ አዳሹን መከራውን ያሳየችው አንዲት የወንዝ ዳር ከተማ ነበረች። ነጭ ግንብ፣ ሁለት ድልድይ፣ መሃሏ ላይ ትንሽዬ ገበያ፤ በቃ ይህችው ናት። ሌሎቹ ትልልቅ ከተሞች ቀስ በቀስ ይለምዱታል፤ ይህችን ግን አራት ጊዜ ያዛት፣ አራት ጊዜ አባረረችው። አሁን አምስተኛው ላይ ነው።

እሱ ደግሞ ክፉ ገዥ አይደለም። አይዘርፍም፣ አያቃጥልም። በሽታው ሌላ ነው፦ የተንጋደደ ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል። ከተማዋ እጁ እንደገባች የጠበበውን ገበያ አፍርሶ ሰፊ ይሠራላቸዋል፤ የጎበጠውን ድልድይ ነቅሎ ቀጥ ያለ ይተክልላቸዋል፤ ለራሳቸው ደኅንነት ብሎ በየበሩ ወታደር ያቆምላቸዋል። ቀዩ መስመር ግን ይረዝማል። «ምን ጎደለባችሁ? ኧረ በፈጠራችሁ ምን ጎደለባችሁ!» ብሎ ሲጮህ አናጢው ከግድግዳው ወዲያ፣ «ወታደር ጨምርባቸው!» ይለዋል። ይጨምራል። ይብስባቸዋል።

ከምሳ በኋላ እጁ ወደ ሥራ ይመለሳል፣ ሐሳቡ ግን እዚያው ይቀራል። የስፌት መኪናው እያጉረመረመ፣ በበሩ የምትገባው ፀሐይ የስፖንጁን ብናኝ እያንሳፈፈች፣ እሱ በወንዝ ዳሯ ከተማ ውስጥ ይሄዳል። ዘውድ የለውም፤ ከነሽርጡ ነው፣ መቀሱ ኪሱ ውስጥ። መንገዱ ነጭ ነው፣ ውሃው ከሩቅ ይሰማል። ከፊቱ ያሉት መስኮቶች ክፍት ናቸው፤ አጠገባቸው ሲደርስ ቀስ ብለው ይዘጋሉ። የሚሰድበው የለም፣ ድንጋይ የሚወረውርበት የለም። መስኮቱ ሲጥ ይላል፣ መቀርቀሪያው ቀጭ ይላል፣ እሱም ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል። በዚህ የቀን ሕልሙ ውስጥ አንድም ሰው ፊቱን አሳይቶት አያውቅም። አንዳንዴ መርፌው ጣቱን ሲወጋው ነው የሚነቃው።

ሰውየው እስከ አርባ ሰባት ዓመቱ ብቻውን ነው የኖረው። ሙያውን ከአጎቱ ተማረ፣ ሱቁን ከአጎቱ ወረሰ። ትዳር ጠልቶ አልነበረም፤ ነገ ዛሬ ሲል ነው ጊዜ የጣለው። አንድ ቀን አንዲት የክሊኒክ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ሱቁ መጣች። የተረኛ መጠበቂያ አግዳሚዎቻችን ተቀዳደዋል፣ ጤነኛም ቢቀመጥባቸው ታሞ ነው የሚነሳው አለችው። አሥራ ሁለት አግዳሚ ነበር። በሁለት ሳምንት የሚያልቀውን ሥራ ሁለት ወር አስኬደው፤ አንዱን በጨረሰ ቁጥር ራሱ ተሸክሞ ያደርሳል፣ ራሱ ቦታውን ያስይዛል፣ ደግሞ «እስቲ ቁጭ ብለሽ እዪው» ይላታል። አሥራ ሁለተኛው ላይ ቁጭ አለችና፣ «አሁንስ አግዳሚው አለቀ፤ እንግዲህ በምን ሰበብ ልትመጣ ነው?» አለችው። ክው አለ። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። በዓመቱ ተጋቡ።

ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አለቻት። ሰውየው ሁለት ሻንጣና የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ እነሱ ቤት ገባ። ልጅቷ አልተጣላችውም። ብትጣላው በተሻለው ነበር። «እንደምን አደሩ» ትላለች፣ «ይብሉ እንጂ» ትላለች፣ ጨዋነቷ እንከን የለውም፤ ከዚያ ክፍሏ ገብታ በሩን ትዘጋለች። እሱ ሳሎን ሲገባ እሷ ትወጣለች። ከእናቷ ጋር ሲሳሳቁ ከውጭ ይሰማና ደስ ብሎት በሩን ሲከፍት ሳቁ ያልቃል። እሱም ባወቀው መንገድ ሊያባብላት ተነሳ፦ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ጠገነ፣ የሚንጫጫውን በሯን ዘይት ቀባ፣ የመጋረጃዋን ዘንግ አቃና። «አመሰግናለሁ» ትለዋለች፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ። የራሷ ቤት እየጠበባት፣ እየጠበባት ሄደ፤ እሱ ግን የሚቀጥለውን የሚጠገን ነገር ይፈልጋል።

እንግዲህ ወደ ወንበሯ ልምጣ። ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ አንዲት ባለ ክንድ ወንበር ነበረች፤ የልጅቷ ሟች አባት ወንበር። መቀመጫዋ ሰጥሟል፣ ግራ ክንዷ ተበልቶ ስፖንጁ ብቅ ብሏል፣ መደገፊያዋም ላይ የጭንቅላት ያህል ጎድጉዷል። ማንም አይቀመጥባትም። ሰውየው ስምንት ወር ሙሉ በአጠገቧ ባለፈ ቁጥር መዳፉን ያሳክከው ነበር። የማን እንደነበረች ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ስለሚያውቅ ነው እንጂ! የሟቹን ወንበር እንደ አዲስ ማድረግ ሟቹን ማክበር መሰለው። እንዲህ ያለውን ጥፋት ሹፌር አያጠፋውም፣ ነርስ አታጠፋውም፤ የሶፋ አዳሽ ጭንቅላት ብቻ ነው ሊወልደው የሚችል።

አንድ ሐሙስ፣ ሚስቱ ሥራ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ሳሉ፣ ሱቁን ዘግቶ ቤት ዋለ። በሙያው ወግ አሮጌው ልብስ በየስፌቱ ይፈታል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ አዲሱ ጨርቅ ላይ ተነጥፎ ልክ ይወሰድበታል፤ ልኩ ከተወሰደ በኋላ ለምንም አይፈለግም። እንደዚያው አደረገ። የሰጠመውን ስፖንጅ አወጣ፣ ሞላዎቹን አጠበቀ፣ ለማንም ደንበኛ ቆርጦ የማያውቀውን ጥቁር አረንጓዴ ጨርቅ አለበሳት። እያፏጨ ነበር የሚሠራው፤ ልቡ ቅቤ ጠጥቷል። የቆሻሻ መኪናው ጡሩምባውን ሲነፋ አሮጌውን ስፖንጅና ቁርጥራጩን በአንድ ከረጢት ሞልቶ ሰጠ፤ እጁን ታጠበ፤ ወንበሯን መስኮቱ ሥር መለሰና ልጅቷን ይጠብቅ ጀመር።

መጣች። ቦርሳዋን እንዳዘለች በሩ ላይ ቆመች።

«እንዴት ነው? አላማረችም?» አላት፣ ፈገግታው ጆሮው ደርሶ።

ልጅቷ ወንበሯን ትታ ወለሉን አየች፣ ጥጉን አየች፣ ከጠረጴዛው ሥር አየች። «የወጣው የት አለ?»

«የቱ?»

«ከውስጧ የወጣው ነዋ! ስፖንጁ። ልብሱ።»

«እሱማ አርጅቶ... መኪናው አሁን ወሰደው።»

ቦርሳዋን ጥላ ሮጠች። ከነትምህርት ቤት ልብሷ፣ የአንዱ ጫማዋ ማሰሪያ ተፈትቶ፣ በአስፋልቱ መሃል። እሱም ተከተላት፣ በነጠላ ጫማ፣ ሽርጡ እግሩ ላይ እየተጠለፈ። ጡሩምባው ይሰማል፣ መኪናው አይታይም። በአንዱ መታጠፊያ ሲዞሩ ከሌላው ጀርባ ይሰማል። ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ጭራሽ ጠፋ። ልጅቷ ጉልበቷን ይዛ አጎነበሰችና፣ ለእሱ ሳይሆን ለአስፋልቱ፣ «ቅርፁ ነበር እኮ» አለች። «የአባዬ ቅርፅ ነበር። ሌላ ምን ነበረኝ?»

ሰውየው ወሽመጡ ቁርጥ አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰጠሙ መቀመጫዎችን ሲያወጣ፣ ማን ተቀምጦ አሰጠማቸው ብሎ አንድም ቀን አስቦ አያውቅም። ዳቦ የሚገዙት ሰዎች አዩዋቸው፤ እሱም ከኋላዋ ቆመ።

ልጅቷ በዚያው ዕለት ለአክስቷ፣ ለአባቷ እኅት፣ ደወለች። አክስቷ የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት መጥታ ትወስዳታለች፣ ከእንግዲህ ልጅቷ ኑሮዋ እዚያ ነው። ሚስቱ አልጮኸችበትም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የቀሚሷን ጠርዝ ስታጥፍ ስትዘረጋ ቆየችና፣ «ልጄ ከዚህ ቤት ከወጣች፣ አንተን በየቀኑ እያየሁ መኖር አልችልም» አለችው። «እወድሃለሁ። ግን አልችልም።» ከመጮህ ይሄ ባሰ። ሰውየው በሕይወቱ ሰው የሚጠብቀው ቤት ያገኘው በዚህ ዓመት ነበር፤ የቀረችው ደግሞ አንዲት ቀን ናት።

አርብ ዕለት መዶሻ ማንሳት አቃተው። ረፋዱ ላይ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። የወንዝ ዳሯ ከተማ ቀይ መስመር ጫፍ ሊደርስ ጥፍር ያህል ቀርቶታል። በዛለ እጁ ማውሱን መስመሩ ላይ አሳርፎ ፈዘዘ። ብዙ ስለቆየ ይሁን፣ አንዲት ትንሽዬ ጽሑፍ ብቅ አለች፤ ሦስት ዓመት ሲቸኩል አይቷት አያውቅም። ሕዝቡ በምን እንደከፋው ትዘረዝራለች። ወታደር በዝቷል ትላለች። ገበያችን ፈርሷል ትላለች። ድልድያችን ተነቅሏል ትላለች። ከሁሉ በላይ የተጻፈው፣ ትልቁን ቁጥር የያዘው ግን ስለ ድንጋይም ስለ ወታደርም አልነበረም፦ «ሳንጠየቅ ተያዝን» ይላል።

ኧረ ጉድ! ሦስት ጊዜ አነበበው። «አንተ አናጢ!» ብሎ ተጣራ፤ «ሰዎቹ ለምን እንደከፋቸው እዚሁ ተጽፏል ለካ!»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው? ወታደር ጨምርባቸው እንጂ!»

«ከወታደር ሌላ መላ አታውቅም አንተ?»

«ባውቅማ ሚስቴ መቼ ታኮርፈኝ ነበር!» አለ አናጢው፣ መጋዙን ሳያቆም።

ከጽሑፏ ሥር «ልቀቅ» የምትል ቁልፍ ነበረች። የተሸናፊ ቁልፍ ናት ብሎ ሲንቃት ኖሯል። ተጫናት። ምንም አልፈነዳም። ወታደሮቹ በሰልፍ ወጡ፤ ከተማዋ የእሱን ቢጫ ቀለም አውልቃ የራሷን ሰማያዊ ለበሰች፤ ቀዩ መስመር ጠፋ። ሰውየው ዓይኑን ጨፈነ። ራሱን በነጩ መንገድ ሲወጣ አየው። ከበሩ ውጭ ቆሞ ዞር ሲል መስኮቶቹ አንድ በአንድ እየተከፈቱ ናቸው። ሴቶች አንሶላ ያሰጣሉ። አንድ ሽማግሌ በመስኮት ተንጠልጥሎ ማዶ ካለው ጋር ይከራከራል። የሆነ ቦታ ሰው ይዘፍናል። ደስ ያላቸው እሱ ስለሌለ ነው። አመመው፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም አመመው። ከተማዋ እንዲህ ውብ መሆኗን ያወቀው ግን ያን ጊዜ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱን ሻንጣዎቹን ሞልቶ የልጅቷ በር ፊት ቆመ። አንኳኳ።

«አትክፈቺ፣ ግድ የለም» አለ። «እዚህ ቤት ስገባ እናትሽን ጠየቅኋት፣ እሺ አለችኝ። አንቺን ግን የጠየቀሽ የለም። ወንበሯንም ሳልጠይቅሽ ነካሁ። ያጠፋሁትን መመለስ አልችልም፤ እሱ ተሰፍቶ የሚገጠም ነገር አይደለም። እና የምትሄጂው አንቺ አይደለሽም፤ እኔ ነኝ። ሱቅ ነው የምሆነው። አንድ ቀን ስትመጪ ልመለስ ወይ ብዬ እጠይቅሻለሁ። እምቢ ካልሽ እምቢ ነው።»

ከበሩ ወዲያ አልጋው ሲንቀሳቀስ ሰማ፤ ከዚያ ሻንጣዎቹን አነሳ።

አክስቲቱ ደጅ ላይ ሻንጣ ይዞ ሲወጣ አገኘችው። ግዙፍ ሴትዮ ናት፤ ለጠብ ተሰናድታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ነው የመጣችው። «የልጅቷን ዕቃ ወዴት ነው የምትወስደው?»

«የሷ አይደለም፤ የኔ ነው።»

«ያንተ? ወዴት?»

«እሷ ትቀመጥ፤ እኔ ልውጣ ብዬ ነው።»

አክስቲቱ መንገዱን ሙሉ ስታጠናው የመጣችው ስድብ ሁሉ እንዳለ ቀረባት። «እንግዲያማ... እኔ አንዱን ልያዝልህ፣ ይከብድሃል» አለችና በራሷ ደነገጠች። እስከ መንገዱ ድረስ አንዱን ሻንጣ ተሸክማ ሸኘችው። ልጅቷ በዚያ ቀን አልሄደችም፤ ከዚያም በኋላ አልሄደችም።

ሚስቱ ግን በሦስተኛው ቀን ሱቁ ድረስ መጥታ ልክ ልኩን ነገረችው። «ጎበዝ! ልጄን እጠይቅሻለሁ ብለህ ምለህላት ወጣህ፤ እኔንስ ማን ጠየቀኝ? ለእንግዳዋ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ባል የለም! ያው አመልህ ነው። ለሰው ይበጀዋል ያልከውን ታደርጋለህ፣ ሰውየውን አትጠይቅም!»

አንገቱን ደፋ። «ልክ ነሽ። ይቅር በይኝ። ምን ላድርግ?»

«አሁን ጠየቅህ!» አለች። ከአንድ ልብሱ የተገፈፈ ሶፋ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች፣ ተናፈጠች፣ ከዚያ፣ «ቆይ እስቲ። ልጄም ትንሽ ትተንፍስ። ምሳ በልተሃል?» አለችው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በየቀኑ በምሳ ዕረፍቷ ትመጣለች፤ ባልና ሚስት የሰው ሶፋ ላይ ተቀምጠው እንደ እጮኛ ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ንጉሡ ምሳ ሰዓቱን ተነጠቀ፣ አልቆጨውም።

እንዲህ ሆኖ ሳምንታት አለፉ። ሰውየው በየማለዳው ሱቁ ውስጥ፣ ሊታደስ በመጣ የሌላ ሰው ሶፋ ላይ ይነቃል፤ አንድ ቀን በጡረተኛው መምህር፣ አንድ ቀን በፀጉር ቤቷ ባለቤት። ዓይኑን ሳይገልጥ ከሥሩ ያለውን ጉድጓድ በጀርባው ያዳምጠዋል፦ እዚህ ጋ ከባድ ሰው ነበር፤ እዚህ ጋ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ። ደንበኛ ሲመጣም፣ «እዚህ የሚቀመጠው ማን ነው? ጉድጓዱ ይውጣ ወይስ ይቅር?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። አብዛኛው ሰው ሰውየው ነካ አድርጎታል እያለ ይስቃል። አንዲት አሮጊት ግን ብዙ አሰቡና፣ «በቀኝ ያለውን አውጣው፣ የኔ ነው። የግራውን ተወው» አሉት።

በሰባተኛው ሳምንት፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት፣ ልጅቷ ሱቁ በር ላይ ቆመች። እንዳያት የያዘው ሁሉ ከእጁ ወደቀ።

«ማንም አልላከኝም» አለች፣ ሳይጠይቃት። ገባች። የተደረደሩትን ሶፋዎች አየች፣ የስፌት መኪናውን አየች፣ ጥጉ ጋ ደርሳ ኮምፒውተሩ ላይ አጎነበሰች። «ይህቺ በቢጫው መሃል ያለችው ሰማያዊ ምንድን ናት?»

«ከተማ ናት። ይዣት ነበር፤ ለቀቅኋት።»

«እና አሁን ምን ትሰጥዎታለች?»

«ምንም። እሷ እዚያ አለች፣ እኔ እዚህ አለሁ።»

«ተመልሰው አይይዟትም?»

«አልይዛትም።»

ፀሐይዋ በበሩ ገብታ ብናኙን ታንሳፍፈዋለች፤ ውጭ የአናጢው መጋዝ ይሰማል። ሰውየው በሕይወቱ ማንንም ያልፈራውን ያህል ይህቺን ልጅ ፈራት። «እጠይቅሻለሁ ብዬሽ ነበር» አለ። «ቤት ልመለስ?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። ልታሳዝነው እንዳልፈለገች ፊቷ ላይ ይታያል፤ ልትዋሽም አልፈለገችም።

«አይ» አለች።

«እሺ» አለ።

አልተከራከረም፣ አልለመነም፣ ምን ላድርግልሽም አላላትም። መቀሱን አንስቶ ወደ ጨርቁ ተመለሰ። ልጅቷ ከ«እሺ» ቀጥሎ የሚመጣውን ትጠብቅ ነበር፤ ምንም ሳይመጣ ሲቀር ትከሻዋ ቀስ ብሎ ወረደ። ከሶፋዎቹ በአንዱ ክንድ ላይ ተቀመጠች። «አባዬ ሬዲዮ ሲሰማ ነበር የሚተኛው» አለች። «በግራ ክርኑ ተደግፎ። ሬዲዮውን ስዘጋው ይነቃል፤ አልተኛሁም ይላል። ሁልጊዜ ነው እንደዚያ የሚል። አልተኛሁም፣ እየሰማሁ ነው ይላል።» ሳቀች፣ ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እሱ መቀሱን አስቀምጦ ሰማት፤ ሌላ ምንም አላደረገም። የአባቷን ነገር ለእሱ ስትነግረው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር፤ ብዙ ነገረችው።

ፀሐይዋ ከበሩ ስትሸሽ ተነሳች፣ ቦርሳዋን አዘለች፣ ደህና ይዋሉ ብላው ወጣች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። ዞራ ሳታየው፣ ለመንገዱ የምትናገር ይመስል፣

«ነገም ይጠይቁኝ» አለች፣ ሄደች።

ሰውየው የተቀመጠችበት ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።